አውራ ጣት የሚያህል ጠርዝ

ጡረታ የወጣሁበት ደብዳቤ የሥራ መደቤን «ጽዳት/ኤሌክትሪክ» ይለዋል። የጻፈችው ልጅ መዝገቡ ላይ ያገኘችውን ነው የገለበጠችው፤ አልፈርድባትም። ስገባ ጽዳት ነበርኩ፣ ስወጣ የወርክሾፕ ኃላፊ፤ በመሐል የሠራሁትን ሥራ የሚጠራ መደብ ግን መንግሥትም ፕሮጀክቱም አልነበረውም። እኔ ስም አለኝ። ዘርፌሽዋል እባላለሁ፣ የመንዝ መሐል ሜዳ ሰው ነኝ፣ ሥራዬም ሶላር መሥራት ነበር። መግጠም አላልኩም፤ መሥራት ነው ያልኩት። ልጆቼ እንኳ «እማዬ ሶላር ትገጥም ነበር» ሲሉ እቆጣለሁ።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት በአንድ ጎረቤቴ ምክንያት ነው። የሞተ የሶላር ፓኔል ሊጥሉ ይዘው ሲያልፉ «እስቲ አንድ ጊዜ ያሳዩኝ» ብዬ ተቀበልኳቸው። ዛሬ ፓኔል ከውጭ ተጠናቆ በካርቶን ይመጣል፤ ሲሞት ይጣላል፤ ውስጡን ለማየት የሚደክም የለም። ዓይኔን ጨፍኜ ጠርዙን በጥፍሬ ዞርኩት። አንዱ ጥግ ላይ ያዝ አደረገኝ። «ውሃ የገባው በዚህ ነው» አልኳቸው። «ሬሳ መርማሪ ሆንሽ እንዴ ዘርፌ?» ብለው ስቀው፣ ፓኔሉን ለእኔው ትተውልኝ ሄዱ። እኔ ግን ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ጥፍሬ ሥራውን አልረሳም።

ወርክሾፑ መሐል ሜዳ የተከፈተው መንግሥት ተለውጦ ብዙም ሳይቆይ ነው። ገንዘቡ ከውጭ፣ ኃላፊው ከአዲስ አበባ፣ ቤቱ ደግሞ የድሮ የእህል መጋዘን ነበር። በመንዝ፣ በጊሼና በመርሐቤቴ መብራት የሌላቸው ጤና ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶች ሶላር እንዲያገኙ፣ ሶላሩም እዚሁ ተሠርቶ እንዲያልቅ ታስቦ ነው። የአገሩ ሰው አላመነም። እኛ ደጋችን ብርድ እንጂ ፀሐይ ያለው አይመስለንም ነበር። ኋላ እንደተማርነው ግን ሶላር ብርድና ጠራራ ፀሐይ አንድ ላይ ሲያገኝ የተሻለ ይሠራል፤ በዚህ በኩል መንዝን የሚስተካከል የለም። ይህን ያወቅሁ ዕለት የአገሬን ብርድ ማማረር ተውኩ።

የኛ ሶላር ሱቅ ውስጥ ከምታዩት የተለየ ነበር። የሱቁ፣ ድንጋይ ከመሰለ ጠጣር ነገር በስሱ እየተቆረጠ የሚደረደር ነው። የኛ ግን መስታወት ላይ የተነፋ ሽፋን ነው፤ ከፀጉር እጅግ ይቀጥናል፤ መልኩ ጥቁር ቡኒ ሆኖ ፊት ያሳያል። ሽፋኑ ውጭ አገር ተነፍቶበት፣ በቀጫጭን መስመሮች ተከፋፍሎ፣ መስታወቱ ባዶውን በእንጨት ሳጥን ይመጣል። በሞላሌ በኩል ያለውን ኮረኮንች ሳይሰበር ካለፈ የቀረው የኛ ፈንታ ነው። እናጥበዋለን፣ ጠርዙን እንላጫለን፣ የመዳብ ጥብጣብ በካውያ እንበይድበታለን። ከዚያ ላስቲክ የመሰለ ስስ ንጣፍና ሁለተኛ መስታወት ደርበንበት አየሩ በተመጠጠ ምድጃ ውስጥ እናጣብቀዋለን። ፍተሻውን ካለፈ ከሌሎቹ ጋር ተደርድሮ በሽቦ አንድ ይሆናል።

እኔ የተቀጠርኩት መጋዘኑን ልጠርግ ነው። ደመወዙ ትንሽ፣ ወረቀቱ ብዙ ነበር፤ ፎቶ ብቻ ሦስት ጊዜ አምጪ ተብያለሁ። በገባሁ በሁለተኛው ወር አንድ አቧራ የያዘ መስታወት ወልውዬ ቀና ስል ጋሽ በላቸው ከኋላዬ ቆመዋል። ጋሽ በላቸው የወርክሾፑ ዋና ባለሙያ ናቸው። ብዙ ዓመት የጦር ሠራዊት ሬዲዮ ሲጠግኑ ኖረው፣ ሠራዊቱ ሲበተን ቴስተር የሚሉትን የኤሌክትሪክ መለኪያ በቦርሳ ብቻ ይዘው ወደ አገራቸው የገቡ ሰው ነበሩ።

«ይህን ማን ወለወለው?»

«እኔ ነኝ። አጠፋሁ እንዴ?»

«በምን?»

«በነጠላዬ ጫፍ።»

መስታወቱን ወደ መስኮቱ አዘንብለው ቆይተው አዩት። «ዱካ አልተውሽበትም» አሉ። «ነገ መጥረጊያውን ለሌላ ሰው ስጪ። ነጠላሽን ግን ሁለተኛ እንዳታስጠጊው፤ ክር ይጥላል።»

ሹመቴ ይህ ነበር። ደብዳቤው የመጣው ከዓመት በኋላ ነው።

ጋሽ በላቸው ሥራ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ሦስት ጊዜ ይታጠባሉ። ጥፍራቸውን ሁሉ ከሥሩ ይቆርጡና የቀኝ አውራ ጣታቸውን ጥፍር ብቻ ያሳድጉታል። ፓኔል ከምድጃ ወጥቶ ሲበርድ ዓይናቸውን ጨፍነው በዚያ ጥፍር ዙሪያውን አንድ ጊዜ ይዞሩታል። እሳቸው ሲዞሩ ማንም አይናገርም፤ በግ እንኳ ቢገባ አይባረርም። ከዚያ ከገበያ በገዙት የከብት ማጠጫ ገንዳ ውሃ ሞልተው ፓኔሉን ይነክሩታል፤ እንደተነከረ ያድራል። ሲነጋ ፓኔሉ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው ያፈስስ እንደሆነ ይለካሉ። ካፈሰሰ «ተበላሸ» አይሉም። «ገና ነው» ይሉና ከመጀመሪያው ያስጀምሩናል። በዚህች «ገና ነው» ስንቴ እንዳለቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሁሉ በላይ የሚጠብቁት ጠርዙን ነበር። ሽፋኑ ከመስታወቱ ዳር ዙሪያውን በአውራ ጣት ስፋት ተላጭቶ መነሳት አለበት፤ እኛ አየር በሚነፋ ኮምፕረሰር አሸዋ እየረጨን ነበር የምንላጨው። ባዶ መስታወት ከባዶ መስታወት ጋር ሲጣበቅ ነው ውሃ የሚመለሰው። ሽፋኑ ወደ ዳር ከተጠጋ ውሃው እሱን ተከትሎ ይገባና ከውስጥ ይበላዋል። «ጠርዝ ላይ ስስት የለም» ይሉን ነበር። እኔም አንገቴን እየነቀነቅሁ እሰማ ነበር።

ከእጃቸው ሥር ሆኜ ጥቂት ዓመት እንደሠራሁ ለመግጠም ወደ ውጭ መላክ ጀመርኩ። መጀመሪያ የቀየት ትምህርት ቤት ነው፤ የማታ ተማሪዎች ፋኖሱን ሲያጠፉ አይቼ ኩራቴ ለከት አጣ። ቀጥሎ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ አንድ ዓመት ተመደብኩ። እዚያ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ እኔ የደጋ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሹራቤን ሸጥኩ። ሰው «ሴት ጣሪያ ላይ ወጣች» ብሎ ከገበያው ጎራ እያለ ያየኛል። እኔም እያየ ይማር ብዬ ሥራዬን እቀጥላለሁ። አንድ ፓኔል ጥላ ሲወድቅበት የተደረደሩትን ሁሉ እንደሚያደክም፣ ሽቦ የላላበትን ቦታ በጆሮ መስማት እንደሚቻል፣ ባትሪ ከተጣራ ውሃ በቀር ሌላ እንደማይጠጣ እዚያ ነው የተማርኩት። ስመለስ ጠርዝ የሚላጭበት ጠረጴዛ ኃላፊ ተደረግሁ።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ።

የወርክሾፑ አለቃ ኢንጂነር ዮናስ ወጣት፣ ፈጣንና ቁጥር ወዳድ ሰው ነበር። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅሎ እያንዳንዱ ፓኔል በፍተሻ መብራት ሥር የሰጠውን ጉልበት በሠራተኛው ስም አንጻር ይጽፍ ነበር። የሳምንቱን ትልቅ ቁጥር በቀይ ጠመኔ ያከብበዋል። ጠርዝ አጥብቡ ብሎ አዝዞን አያውቅም፤ ይህን በሱ ላይ አላላክክም። ግን ያቺ ቀይ ክብ ታምር ነበር። በተለይ እኔን።

ጋሽ በላቸው ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ ሄደው ከሁለት ወር በላይ ቆዩ። ኃላፊነቱ በኔ ላይ ወደቀ፤ በዚያው የጊሼ ጤና ጣቢያ የክትባት ፍሪጅ ትእዛዝ መጣ። አሥራ ሁለት ፓኔል ያስፈልጋል። ሁለቱን ጋሽ በላቸው ሠርተው አስቀምጠዋቸዋል፤ አሥሩን እኔ መሥራት አለብኝ። የመጀመሪያውን ስላጭ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የሚላጨው ሽፋን ጉልበት የሚሰጥ ሽፋን ነው፤ ብዙ ከላጨሁ ብዙ እጥላለሁ፣ በጥቂቱ ከላጨሁ ፓኔሉ የበለጠ ይሰጣል። አውራ ጣቴን ትቼ የትንሿን ጣቴን ግማሽ ያህል ላጨሁ። ገንዳው ውስጥ አሳደርኩት። ሲነጋ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ሰሌዳው ላይ ደግሞ ወርክሾፑ አይቶት የማያውቅ ቁጥር ሆነ። አሥሩንም እንዲሁ ሠራኋቸው፤ አሥሩም በቀይ ተከበቡ። ጋሽ በላቸው ሲመለሱ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ በልቤ እፎክር ነበር። ሲመለሱ ግን ፓኔሎቹ ጊሼ ደርሰዋል፤ ጠርዛቸውም በፍሬም ተሸፍኗል።

ጊሼ ላይ ነፋሱ ኃይለኛ ስለሆነ ፓኔሎቹን ጣሪያ ላይ አልሰቀልናቸውም። ከጤና ጣቢያው ጎን በወገብ ቁመት የድንጋይ ካብ ሠርተን በዚያ ላይ አጋደምናቸው። ፍሪጁ በርዶ የክትባት መድኃኒቱ የገባ ዕለት ነርሷ ሲስተር አስካለ አቅፋ ሳመችኝ። ከዚያ በፊት ክትባት የሚመጣው በበረዶ ሳጥን በበቅሎ ነበር፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ መንገዱ ይቆረጥና ጭራሽ አይመጣም። ጥበቃው አያ ሸዋንግዛው፣ ዕድሜያቸው የገፋ የዚያው ቀበሌ ገበሬ፣ ካቡን ዞረው ዞረው አዩና «በሉ፣ ይህን ለኔ ተዉት፤ እንደ ቤቴ ነው የምጠብቀው» አሉን። ቃላቸውንም ጠበቁ።

አንድ ክረምት በደህና አለፈ። በሁለተኛው ክረምት፣ ሐምሌ እንደገባ፣ የሲስተር አስካለ ወረቀት በአውቶቡስ ሹፌር እጅ መጣ። ፍሪጁ ሞቋል፤ መድኃኒቱን ሁሉ ጥላዋለች። በአጎራባቹ ቀበሌ ኩፍኝ ገባ ይባላል። እናቶች በዝናብ ልጅ አዝለው እየመጡ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። እኔና ኢንጂነር ዮናስ ያንኑ ቀን ተነሳን፤ መኪናው ሁለት ቦታ ጭቃ ይዞት በማግሥቱ ከሰዓት ደረስን።

ካቡ ጋ ስንደርስ ኢንጂነሩ ቆሞ ቀረ። በፓኔሎቹና በድንጋዩ መሐል የነበረው ክፍተት ሁሉ በእበትና በጭቃ ጥርቅም ተደርጎ ተመርጓል። ምርጊቱ ፍሬሙን አልፎ መስታወቱ ላይ ተኝቷል፤ ዝናቡን ጠጥቶ ርሷል። አያ ሸዋንግዛው ጎን ቆመው ሥራቸው እስኪመሰገን ይጠብቁ ነበር።

«ማነው ይህን ያደረገው?» አለ ኢንጂነሩ።

«እኔ ነኛ። ክረምት ሲመጣ ክፍተት ያለበት ሁሉ ይመረጋል። ቤቴን መርጌ፣ የበጎቹን ጉሮኖ መርጌ፣ የመንግሥት ንብረት ነፋስ ሲገባበት ዝም ልበል? አምና ከሰኔ በፊት መረግሁት፣ ዘንድሮም ደገምኩት።»

«ይኸው ተገኘ!» አለና ወደኔ ዞረ። «ፓኔሎቹን የገደላቸው ይሄ ነው። ሪፖርቱን አሁኑኑ እጽፋለሁ። ሰውየውም ይሰናበታሉ።»

አያ ሸዋንግዛው ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ብርድ እንዳይገባው ብዬ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ወርዶ ነበር።

እኔ ቴስተሬን አውጥቼ ፓኔሎቹን አንድ በአንድ መለካት ጀመርኩ። አንደኛው ሞቷል። ሁለተኛው ሞቷል። ምርጊቱን ስፍቅ ጥቁር ቡኒው ሽፋን ከዳር ጀምሮ ነጥቷል፤ አንዳንዱ ቦታ እንደ ገብስ ገለባ ተልጧል። ስምንተኛው ላይ ስደርስ የቴስተሩ መርፌ ዘለለ። ሕያው ነው፤ እንደተገጠመበት ቀን ይሰጣል። ሌላ አንድም እንዲሁ። ሁለቱን ከካቡ አውጥቼ ጀርባቸውን አየሁ። የጋሽ በላቸው ምልክት አለባቸው። ያው እበት፣ ያው ጭቃ፣ ያው ሁለት ክረምት ነክቷቸው ሽፋናቸው ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ የለም። የሞቱት አሥሩ የኔ ናቸው።

ከኔ በቀር የጠርዙን ነገር የሚያውቅ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ ዝም አልኩ። ኢንጂነሩ ማስታወሻውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ መጻፍ ሲጀምር እንኳ ዝም አልኩ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ያሳፍረኛል። አፌ የተከፈተው አያ ሸዋንግዛው የግቢውን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው ለሲስተር አስካለ ሲዘረጉላት ነው።

«ሲስተር፣ እንዳትቀበያቸው» አልኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ አውራ ጣቱ፣ ስለ ትንሿ ጣት፣ ስለ ቀይዋ ክብ። ሁለቱን ሕያው ፓኔሎች ከሞቱት ጎን አጋድሜ አሳየኋቸው። ሲስተር አስካለ የተናገርኩትን ሁሉ ሰምታ «ታዲያ ልጆቹስ?» አለችኝ። አያ ሸዋንግዛው ቁልፋቸውን መልሰው አንገታቸው ላይ አደረጉና ለኢንጂነሩ «እንግዲህ እርስዎም ያን ወረቀት ይቅደዱት» አሉ። ቀደደው።

ኢንጂነር ዮናስ መሐል ሜዳ ገብተን ከመኪናው ሲወርድ «ከመስቀል በኋላ ገንዘብ ሰጪዎቹ ሊጎበኙን ይመጣሉ» አለ። «ይህን ሲሰሙ ወርክሾፑን ዘግተው ፓኔሉን ተጠናቆ ከውጭ ያስመጡታል። አሥራ አራት ሰው ነው እዚህ የሚሠራው ዘርፌ። እኔ ምን እንደምላቸው አላውቅም።»

በማግሥቱ ጋሽ በላቸው ፊት ቆሜ ከምርጊቱ እስከ ጠርዙ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከሕክምናው ወዲህ ጥቁር መነጽር ያደርጉ ስለነበር ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

«ጠርዙን ስንት ሰጠሽው?» አሉኝ።

«የትንሿን ጣቴን ግማሽ።»

«ገንዳዬስ?»

«አሳልፎታል። አሥሩንም አሳልፏቸዋል።»

ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ ገንዳው ሄዱና ጠርዙን ደባበሱት። «የገንዳዬም ጥፋት አለበት» አሉ። «የአንድ ሌሊት ውሃ ክረምትን አያህልም። ይህን እኔ ነበርኩ ማወቅ የነበረብኝ።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «እኚህ ሰውዬ የመረጉበትን ጭቃ እናገኛለን?»

ወርክሾፑን ያዳነችው ይህች ጥያቄ ናት። ሰው ፓኔሉን እንዳይመርግ ከመለመን፣ ቢመረግም የማይሞት ፓኔል መሥራታችንን ማሳየት። ስምንት ፓኔል ሠራን። አራቱን በአውራ ጣት ጠርዝ፣ አራቱን ሆን ብለን በኔ ጥፋት ልክ። ቀን ቀን ምድጃ ውስጥ በለዘብታ ይሞቃሉ፣ ከዚያ ወጥተው በእርጥብ ምርጊት ይታሸጋሉ፣ ሲነጋ ታጥበው ተለክተው እንደገና ምድጃ ይገባሉ። ጋሽ በላቸው «ክረምቱን እናስሩጠው» ይሉት ነበር። ሙቀትና እርጥበት እየተፈራረቁበት፣ አንድ ፓኔል በዓመት የሚያየውን መከራ በጥቂት ቀን ያየዋል።

መራጊው ማን ሆነ? አያ ሸዋንግዛው። መልእክት ስንልክባቸው አንድ ኬሻ ደረቅ እበትና አንድ ኬሻ ጭድ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስወርደው መጡ።

«እበት እኮ መሐል ሜዳም አለ፤ ምን አደከመዎት?» አልኳቸው።

«አላመንኩትማ። እኔ የመረግሁት በጊሼ እበት ነው፤ ፈተናው ቀለለ እንዲባል አልፈልግም።»

በሁለት ቀን ውስጥ የግቢው አለቃ ሆኑ። «ቀጠነ!»፣ «ጭድ ጨምሪበት!»፣ «እንዲህ ነው የሚለጠፍ፣ በመዳፍ!» እያሉ እኔንም ኢንጂነሩንም ያሠሩናል። ኢንጂነር ዮናስ በመጀመሪያው ሳምንት አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ነበር የሚያልፈው። በሁለተኛው ሳምንት ግን የሰሌዳውን ቀያይ ክቦች አጥፍቶ አዲስ መስመር ሲያሰምር አየሁት። ከላይ «ዛሬም ይሠራል?» ብሎ ጻፈበት።

ፍልሰታ ሳይገባ ከጠባቦቹ አንዱ ነጣ። በፍልሰታው መሐል ሁለተኛውና ሦስተኛው ተከተሉት። ጳጉሜን ስንገባ አራተኛው ሞተ። ያኔ ያለቀስኩት በደስታ ነው፤ ጥፋቴ በትክክል እኔ ያልኩት ቦታ ላይ ስለተገኘ። ሰፋፊዎቹ አራቱም በየጠዋቱ ታጥበው ሲለኩ ያው ናቸው። ለጊሼ የሚተኩትን አሥር ፓኔሎችም በዚያው መሐል እየሠራን ነበር። ጋሽ በላቸው አሥሩንም ዓይናቸውን ጨፍነው ዞሯቸውና ከአሥሩ አንዱን እንኳ «ገና ነው» አላሉም።

እንግዶቹ ሲመጡ አራቱ ፓኔሎች በምርጊት እንደታሸጉ ግቢው መሐል ተደርድረው ነበር። አንዷ ሴትዮ በአስተርጓሚ «ይህ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ያ አፍንጫውን ይይዝ የነበረው ኢንጂነር ዮናስ እጅጌውን ሰብስቦ መዳፉን እርጥቡ እበት ላይ ለጠፈና «ይህ የመንዝ ክረምት ነው» አላት። ከዚያ ፓኔሎቹን አሳጥቦ በፊታቸው አስለካቸው። የሞቱትንም አልደበቀም፤ ከጊሼ ያመጣናቸውን አሥሩንም ደርድሮ ለምን እንደሞቱ እኔው እንድናገር አደረገ። ተናገርኩ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ሁለቱን ጠርዞች ለረጅም ጊዜ አስተያየች። ወርክሾፑ አልተዘጋም። እንዲያውም በሚቀጥለው ዓመት የሰው ኃይሉ ጨመረ። በመንዝ፣ በጊሼና በመርሐቤቴ ለቁጥር የሚያስቸግር ፓኔል ሠርተን በየካቡና በየጣሪያው አኑረናል። ኋላ ጋሽ በላቸው ጡረታ ሲወጡ ቦታቸው ላይ እኔ ተቀመጥኩ። በኔ ጊዜ ምርጊት ያልቀመሰ አዲስ ዓይነት ፓኔል ከግቢው ወጥቶ አያውቅም።

ጊሼ የተመለስነው ጉብኝቱ እንዳለፈ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ጥቅምት ውስጥ ነው። ሰማዩ ጠርቷል፣ ገብሱ ሊደርስ ተቃርቧል። አዲሶቹን አሥር ከጋሽ በላቸው ሁለት ጋር ደርድረን በሽቦ አገናኘናቸው። ፍሪጁ በሁለት ቀን በረደ። ሲስተር አስካለ ግን አላመነችም፤ መድኃኒቱ ሳይገባ ሳምንት ሙሉ ባዶውን ይቆይ አለች። ሳምንት ሙሉ ፍሪጁን እየከፈተች ቴርሞሜትሩን ስታይ፣ እኔም አያ ሸዋንግዛው ቤት እየዋልኩ እያደርኩ ቆየሁ። ሚስታቸው የበግ ፀጉር ባና ደርበውብኝ እንኳ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንደገና ቢሞት የት እገባለሁ እያልኩ ነበር።

በስምንተኛው ቀን መድኃኒቱ መጣ፤ ሲስተር አስካለ በገዛ እጇ ፍሪጁ ውስጥ ደረደረችው። በማግሥቱ ገበያ ስለነበር ወሬው በየቀበሌው ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ባለው ጠዋት ፀሐይ ሳይሞቅ ግቢው ሞላ። ልጅ ያዘለች፣ ልጅ ያቀፈች፣ አንዱን አዝላ አንዱን የምትጎትት። ሐምሌ ላይ ባዶ እጃቸውን የተመለሱትም ነበሩባቸው። ከፊት የቆመችው «እውነት አለ? እንዳለፈው እንዳትመልሱን፤ ሦስት ሰዓት መንገድ ነው የመጣሁት» አለች። ማንን እንደምትጠይቅ አላወቀችም፤ ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነበር። «አለ» አልኳት።

ሲስተር አስካለ በሩን ከፈተች፤ የመጀመሪያዋ እናት ገባች። ውጭ ሁላችንም ወደ በሩ ተጠጋን። አያ ሸዋንግዛው ኮፍያቸውን አውልቀው ይዘዋል። ከውስጥ መርፌው የተወጋው ሕፃን ጣራ የሚሰነጥቅ ጩኸት ጮኸ። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው፤ ወረፋ የሚጠብቁትም ሰምተው አብረው አለቀሱ፤ ግቢው በልጅ ለቅሶ ታወከ። እኔ ካቡ ሥር ቁጭ ብዬ እስከ ቀትር ያን ለቅሶ ሰማሁ፤ ባለቀሱ ቁጥር እስቅ ነበር።